ባለጣባዋ

በአንድ ደጋ አገር ስንዴ የሚያበቅል መንደር ነበር። ሰዉ ታታሪ ነው፤ ገምሶ ያርሳል፣ ደግሞ ያለሰልሳል፣ ዝናቡም ወቅቱን ጠብቆ ይጥላል። ነገር ግን ሐምሌ ሲገባ ማሳው አንድ ወጥ ሆኖ አይበቅልም ነበር። አንዱ ጥግ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያምር፣ ሌላው ቆረቆር እንደያዘው የልጅ ራስ እዚህም እዚያም ራቁቱን ይቀራል። በመኸር ጊዜ ወደ አውድማ የሚገባው ነዶ ከተጠበቀው በግማሽ ያንሳል።

ሰው ምክንያት አያጣም። አንዱ «መሬቱ ደክሟል» አለ። ሌላው «የጎረቤት ዓይን ነው» ብሎ ማሳው ዳር የበሬ ራስ ቅል ሰቀለ። አንድ አባት ደግሞ ጥፋቱን በልጁ ላይ ጣለ። የበኩር ልጁን ዘር አስይዞት ነበርና ማሳው ሳስቶ ሲበቅል «እጅህ በረከት የለውም» ብሎ ከዘሪነት አወጣው። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሰው መሀል የማይናገር ሆነ። ለሳሳው መሬትም መንደሩ ስም አወጣለት፤ «ሰነፍ ማሳ» ተባለ። ስም ከወጣ በኋላ ደግሞ ምክንያት የሚፈልግ አይኖርም። ሰነፍ ከተባለ በቃ፣ ሰነፍ ነው።

በዚያ መንደር ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ነበረች። አንድ ሐምሌ የእርሷም ማሳ ሳሳባት። ከራቁቱ ቦታ ላይ ተንበርክካ ጭቃውን በጣቷ ጫረችው። ከሁለት ሳምንት በፊት የዘራችው ስንዴ እንዳለ ተቀምጧል፤ አልበቀለም። ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ሆዱ ወዛም፣ ቅርፊቱ ደህና። በጥርሷ ብትነክሰው ግን ቀጭ አላለም፤ ልል ሆኖ ምላሷ ላይ ፈረሰ። ሌላ ፍሬ አንስታ ወደ ፀሐይ አስጠግታ ብታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አገኘችበት።

አሮጊቷ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ነቀዝ! ዘሩ መሬት ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ገና ጎተራ ውስጥ ሳለ ልቡ ተበልቷል፤ ወደ ማሳ የወጣው ቅርፊቱ ብቻ ነው። መሬቱ አልሰነፈም። የዚያ ልጅ እጅም በረከት አላጣም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት። ቅርፊቱ ደህና የሆነን እህል ከመዘራቱ በፊት እንዴት መለየት ይቻላል? መልሱ ከማጀቷ አልራቀም። እህል አጥባ የምታውቅ ሴት ሁሉ ሙሉው ፍሬ እንደሚዘቅጥ፣ ባዶው እንደሚንሳፈፍ ታውቃለች። በየቤቱ የታወቀ ነገር ነው፤ ከዘር በፊት ግን ውኃውን የጠየቀው አልነበረም።

በጥር፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አሮጊቷ የሸክላ ጣባዋን ይዛ፣ የልጅ ልጇን አስከትላ ከቤት ቤት መዞር ጀመረች። «ከጎተራችሁ አንድ እፍኝ ስጡኝ፤ ውኃ ውስጥ አይቼው እመልስላችኋለሁ» ትላለች። ሰዉም «ባለጣባዋ» አላት።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አንድ ባለጸጋ ደጅ ነበር። እርሱም አጥሩ በር ላይ ቆሞ፣

«እማማ፣ የኔ እህል ታሟል ብሎ የነገረዎት አለ?» አላት።

«ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን አመጣዎት? ይዩት እስቲ፣ እንደ ወርቅ ያበራል!»

«መታመሙ የሚታይማ ቢሆን ራስህ ትጠራኝ ነበር። እኔ የመጣሁት ለማይጣራው ነው።»

ባለጸጋው ሳቀና በሩን ዘጋው።

ቀጥላ የሄደችው ወደ አንዲት ድሃ ወጣት እናት ቤት ነው። ጎተራው ከባሏ አያት የተወረሰ፣ እግሩ ያዘነበለ፣ ምርጊቱ የተሰነጣጠቀ ነበር። ወጣቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ አመነታች።

«እማማ፣ ቢንሳፈፍስ? ሰው ምን ይለኛል? እህሏን ያስነቀዘች፣ ቤት መያዝ የማታውቅ እባላለሁ።»

አሮጊቷ ጣባውን መሬት አስቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ይኼን ጎተራ የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ስንጥቁን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እማማ። ስገባም እንዲሁ ነበር።»

«እንግዲያው ገብተሽ ባገኘሽው ስንጥቅ ለምን ታፍሪያለሽ? ነቀዝ የእናት ስንፍና አይደለም። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አይገኝለትም።»

ወጣቷ ገብታ እፍኙን አመጣች። መቶ ፍሬ ተቆጥሮ ጣባው ውስጥ ገባ። ሃያ ሁለቱ ተንሳፈፈ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አሮጊቷም እስክትረጋጋ ድረስ አጠገቧ ተቀምጣ ቆየች።

የልጅ ልጇ ሥራውን እየለመደች ስትሄድ አንድ ቀን ብቻዋን ተላከች። ከአውድማ መምጣቷ ነበርና እጇ ላይ የቀረው ገለባ ጣባው ላይ ሲንሳፈፍ ነቀዝ የበላው ፍሬ መስሏት ቤተሰቡን ሁሉ አስደነገጠች። አሮጊቷ ስትሰማ ወዲያው ወደዚያ ቤት ተመለሰች። የልጅቷን እጅ በእንዶድ አሳጠበቻት፣ ጣባውን አለቀለቀች፣ ከጎተራው ሆድ አዲስ እፍኝ አስወጣች። ሁሉም ዘቀጠ። «ልጄ» አለቻት ሲመለሱ፣ «የመጀመሪያው እፍኝ ጥርጣሬ ነው፤ ፍርዱ ያለው ከሁለተኛው ዘንድ ነው። ሰውን በገለባ አታስለቅሺ።»

ሌላም ነገር ተማሩ። በመጀመሪያው ዓመት የዞሩት አሮጌ ጎተራ ያለበትን ቤት እየመረጡ ነበር። በሚያዝያ ግን፣ ገና ምርጊቱ በቅጡ ባልደረቀ የሙሽሮች ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ተገኘ። ጎተራው አዲስ ነው፤ እህሉ ግን ለጎጆ መውጫ ተብሎ ከአባት ቤት፣ ከአሮጌው ጎተራ ተሰፍሮ የመጣ ነበር። ደግሞም በጥር ንጹሕ ሆኖ በሚያዝያ ተበልቶ የተገኘ እህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለጣባዋ ቤት መምረጥ ተወች። ወደ ሁሉም ቤት፣ በጥር አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ አንድ ጊዜ ሄደች።

ስንት ሲንሳፈፍ ነው ነቀዘ የሚባለው? ይህን ለመወሰን ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ «ከመቶው ስልሳ እስካልተንሳፈፈ ድረስ ደህና ነው» አሉ። ወጣቷ እናት ሃያ ሁለት ነበረች፤ በፍርዳቸው መሠረት ምንም አልሆነችም። ሐምሌ ሲመጣ ግን ማሳዋ ተራቆተ። ሽማግሌዎቹም ማሳውን አይተው ሃያ አሉ። በሃያም የሳሳ ማሳ ታየ፤ አሥር አሉ። በአሥርም ታየ፤ አምስት አሉ።

አንድ አዛውንት ተቆጡ። «በአባቶቻችን ጊዜ ደህና ይባል የነበረ እህል ዛሬ እንዴት በሽተኛ ሆነ? ነቀዙ ነው የበዛው ወይስ እናንተ ናችሁ መስፈሪያውን ያጠበባችሁት?»

ባለጣባዋ መለሰችላቸው። «ነቀዙ አልበዛም፣ አባቴ። ፊትም ይበላን ነበር። ማሳው ደጋግሞ ሲነግረን ዓይናችን ጠራ።»

የመንደሩ ጭቃ ሹም ሥራውን ወደደው። ለተንሳፈፈበት ቤት ሁሉ በሸንጎው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ አንድ መስመር እንዲሰመር አዘዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተሰመረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን እያሳየ «እንዲህ ተጠንቅቆ የሚቆጥር መንደር በአገሩ የለም» ይል ነበር። አንድም ጎተራ ግን አልታደሰም። ጭቃ ማቡካት ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ ጭድ ይፈልጋል፣ እበት ይፈልጋል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ለሠራተኛው ጠላ የሚጠምቅ ይፈልጋል። «ለከርሞ» ተባለ። ከርሞ መጣ፤ ከርሞ ሄደ።

በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ ሸንጎው ተሰብስቦ ባለጣባዋን ጠበቀ። እርሷም መጣች። ጣባው ውስጥ የነበረውን ውኃ መሬት ላይ ደፋችው፤ ጣባውን በሽማግሌዎቹ ፊት በአፉ ደፍታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምነው እማማ? ደከመዎት እንዴ?» አላት ጭቃ ሹሙ።

«እግሬስ አልደከመም። ያንኑ ደጅ አራተኛ ዓመት የማንኳኳበት ፊት ነው ያጣሁት።»

ሸንጎው ሲንሾካሾክ ያቺ ወጣት እናት ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ዛሬ ነጠላዋ አፏ ላይ አልነበረም።

«አባቶቼ፣ ሦስት ዓመት በየዓመቱ ሁለት እፍኝ ሰጠሁ። ስድስቴ ነገራችሁኝ፤ ስድስቴ አለቀስኩ። ጎተራዬ ግን ያው ነው። ነቀዝ መኖሩን እንድታውቁ የግድ የኔ እህል መበላት አለበት? ስንጥቁ እኮ ከውጭ ይታያል። እህሌን ከመቁጠራችሁ በፊት ስንጥቁን ለምን አታዩልኝም?»

መልስ የሰጠ አልነበረም። ጭቃ ሹሙ ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ የከሰሉን መስመሮች አየ፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

አሮጊቷ ጣባውን ሳታነሣ፣ «እፍኝ የወሰደ ጭቃ ያቡካ» አለች። «ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

በማግስቱ ደቦ ተጠራ። የጀመሩት ከወጣቷ እናት ጎተራ ነው። እህሉን አውጥተው የታችኛውን ምርጊት ሲያፈርሱት፣ በአያት ዘመን የቀረ አሮጌ ብናኝ ስንጥቁን ሞልቶ ተገኘ፤ ውስጡ በነቀዝ ጠቁሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ጥርግርግ አድርገው አቃጠሉት፣ ጎተራውን አጠኑት፣ በጭድ በቦካ ጭቃ መረጉት፣ በእበትና በአመድ ለቀለቁት። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሄዱ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ሁለት ቀን ሙሉ ባለጸጋው ከአጥሩ ሥር ቆሞ አየ። በሦስተኛው ቀን በጋቢው ጫፍ እፍኝ ስንዴ ቋጥሮ መጣ። እንደ ወርቅ ከሚያበራው እህል ከመቶው ሠላሳ አንዱ ተንሳፈፈ። ምንም ሳይናገር ዶማ አንስቶ ከጭቃ አቡኪዎቹ ጋር ተሰለፈ።

ያ አባትም እዚያ ነበር። የራሱን ጎተራ ሥር ሲያፈርስ ያየውን አየ። ልጁ ከጉድጓዱ ማዶ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ጭቃ ይረግጥ ነበር። አባትየው ጭቃውን አቋርጦ ሄደና ከፊቱ ቆመ። «ልጄ» አለው፣ «እጅህ አልነበረም።»

የልጅ ልጇ ግን ተንሳፍፎ የተለየውን ስንዴ ለዶሮ ልትበትነው ስትል አሮጊቷ ያዘቻት። «ተይ፣ አትጣይው። ነቀዝ የጀመረውን ሁሉ አልጨረሰም። ዓይኑ የተረፈለት አለ።» ከጓሮ፣ ፍግ ከጠገበው አፈር ላይ ዘራችው፤ ዝናብ ሲዘገይ በእንስራ ቀድታ አጠጣችው። ሁሉም አልበቀለም። የበቀለው ግን ብዙ ነበር፤ ዘለላም ያዘ። ነቀዝ የበላው አልተመለሰም፤ የተረፈው ግን አልባከነም።

*

ምሳሌው ይህ ነው። ጎተራው ቤታችን ነው፣ እህሉ ልጆቻችን ናቸው፣ ነቀዙ እርሳስ ነው።

እርሳስ ስል ልጅ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ስም ቢሰጥም የመጻፊያው ሆድ ግራፋይት እንጂ መርዝ አይደለም። የምናገረው በአሮጌ የግድግዳ ቀለም፣ በአሮጌ የውኃ ቧንቧ፣ በመኪና ባትሪ፣ በአንዳንድ ኩል፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በተሠራ አንዳንድ ድስት ውስጥ ስላለው ከባድ ማዕድን ነው። ሰውነት ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ያኖረዋል፣ ገና እያደገ ወዳለ አእምሮም ያሳልፈዋል። ትንሽ ልጅ እጁን ከወለል ወደ አፉ ያመላልሳል፤ ከዋጠው እርሳስም ከአዋቂ ሰው አራትና አምስት እጥፍ ወደ ደሙ ይገባል። በሰውነቱ ውስጥ አይረንና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ የባሰ ይስበዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ብዙውን ጊዜ አያተኩስም፣ አይከሳም፣ አያለቅስም። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የልጅን ክንድ በባለቀለም መለኪያ ስትለካ ያየች እናት ብዙ ናት። የምግብ እጥረትን ክንድ ይናገራል። እርሳስን የሚናገር ክንድ የለም፤ ጣባው የደም ጠብታ ነው። ሳይጠየቅ የቀረ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደሉ አልያዝ ሲለው፣ አርፎ መቀመጥ ሲያቅተው፣ ያን ጊዜ ስም ይወጣለታል። ስሙንም ሁላችንም እናውቀዋለን።

የእፍኙን ኃይል ለማየት የአሜሪካዋን የፍሊንት ከተማ ማስታወስ ይበቃል። ሚሺጋን ግዛት ያለችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጪ ለመቆጠብ ከዲትሮይት ይመጣላት የነበረውን ውኃ ትታ ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረች። ቧንቧን ከመበላት የሚከላከለው ኬሚካል ስላልተጨመረበት ውኃው የእርሳስ ቧንቧዎቹን እየሸረሸረ ወደየቤቱ ገባ። ነዋሪው ሲጮህ ሹማምንት «ውኃው ደህና ነው» አሉ። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና አቲሻ ልጆቹ በተለመደው ምርመራ የሰጡትን የደም ውጤት ከፍታ ከውኃው ለውጥ በፊት የነበረውን ከኋላው ጋር አስተያየችው። በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት ድርሻ ከ2.4 በመቶ ወደ 4.9 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ይህን እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2015 ይፋ ስታደርግ መጀመሪያ አጣጣሏት፤ ከተማዋ ግን በዚያው ዓመት ወደ ዲትሮይት ውኃ ተመለሰች። ቧንቧዎቹን ቆፍሮ መተካት ዓመታት ወሰደ።

ዋርካው ሥር የተደረገው ክርክርም በእውነት ተደርጓል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ልጅ በአንድ ዴሲሊትር ደም 60 ማይክሮግራም እርሳስ እስካልተገኘበት ድረስ ምንም አልሆነም ይባል ነበር። በ1991 ቁጥሩ 10 ሆነ፤ በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት መሠረት ከዓለም ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ፣ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ በደማቸው አለ። አብዛኞቹ ጣባው ደጃቸው ደርሶ በማያውቅ አገር የሚኖሩ ናቸው።

ጣባውን በአፉ የደፉም ነበሩ። በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ሰዎች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በየግቢያቸው ይፈጩ ነበር፤ ድንጋዩ ግን እርሳስ የበዛበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አደጋው ሲታወቅ ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞተዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት ይዘው ሲደርሱ አንድ ነገር ግልጽ ሆነላቸው፤ ልጁ ታክሞ ወደዚያው አፈር ከተመለሰ እንደገና ይመረዛል። ስለዚህ ሕክምናው ከየመንደሩ ጽዳት ጋር መሄድ ነበረበት። የባጌጋ መንደር ልጆች አፈራቸው እስከሚጸዳበት እስከ 2013 ድረስ ጠበቁ። የመዘግየቱን ዕዳ የከፈሉት ጭቃ ማቡካት የማይችሉት ናቸው።

ይህ ነገር በስደትም በአገር ቤትም የእኛን ደጅ ያንኳኳል። አሜሪካ በቤት ግድግዳ ላይ እርሳስ ያለበት ቀለም እንዳይቀባ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን አሉ። ስደተኛ ሕፃናት እንደ ገቡ ከተመረመሩ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ዳግመኛ እንዲመረመሩ የሚመከረውም በምክንያት ነው፤ ንጹሕ ደም ይዘው መጥተው በተሰጣቸው አሮጌ ቤት የተመረዙ ልጆች ስለተገኙ ነው። ብዙ አበሾች በሚኖሩባት ሜሪላንድ ልጅ ሁሉ በ12ኛውና በ24ኛው ወሩ እንዲመረመር ይጠየቃል። አገር ቤት ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ይህ ስንጥቁን ከእህሉ በፊት ማየት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው።

እናት ሆይ፣ አባት ሆይ፣ ልጃችሁ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ሁለት ዓመትም ሲሞላው የእርሳስ ምርመራ ጠይቁ። ጣቱ ከመወጋቱ በፊት እጁ በሳሙና ይታጠብ፤ ከጣት የተወሰደው ደም ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ከደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጥ። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ አትፈሩ፣ አትደብቁት። መድኃኒቱ እርሳስን ከደም ቢያወጣም የተበላውን አእምሮ አይመልስም፤ ስለዚህ ዋናው ሕክምና እርሳሱ ያለበትን ፈልጎ ከልጁ ማራቅ ነው። አይረንና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ትዕግሥት ያለው አስተማሪ፣ በየማታው አብሮ የሚያነብ ሰው ደግሞ የጓሮው አፈር ናቸው። ዓይኑ የተረፈለትን ዘር እንዲህ ነው የሚያበቅሉት።

የልጆችን ደም የምትቆጥሩ ሹማምንት ሆይ፣ ያ ጠብታ ከልጅ ክንድ በልቅሶ የተወሰደ ነው። መዝገብ ላይ ያሰመራችሁት እያንዳንዱ መስመር አንድ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ግድግዳ አለው። እፍኝ የወሰደ ጭቃ ያቡካ። ያ አባት ለልጁ «እጅህ አልነበረም» ያለው የራሱ እጅ በጭቃ ተለውሶ ሳለ ነበር።